መጥረቢያና መጥረጊያ

ማሽኑን የገዛሁት ደሞዝ በገባ ማግስት ነው። ጀሞ ወዳለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ካርቶኑን ታቅፌ ስወጣ፣ ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው ጎረቤቶች ቴሌቪዥን መስሏቸው «እንኳን ደስ ያለህ» ይሉኛል። «አሜን» እያልኩ አለፍኩ። በሩን የከፈተችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ካርቶኑን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቫኪዩም ነው እታለም። አቧራውን ስቦ ይውጠዋል። ከዛሬ ጀምሮ ማጎንበስ ቀረልሽ።»

«ተባረክ» አለችኝ። ከልቧ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታ ክፍሌ ስወጣ ማሽኑ ከበሩ ኋላ ቆሞ አየሁት። አናቱ አቧራ ለብሷል። እህቴ ሳሎኑ መሐል ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ በዚያችው በአጭሯ መጥረጊያ ሴራሚኩን ትጠርጋለች። በየመሐሉ ታስላለች። ማሽኑን የገዛሁት እኮ ይሄንኑ ሳል ሰምቼ ነው!

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ «ችግሩ እኮ አልለመድሽውም» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «እግርህን አንሳ» አለችኝ። እግሬን አነሳሁ። ጠርጋ አለፈች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ኮምቦልቻ ምህንድስና ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲደጋግመው የሚሰለቸውን ሥራ ለኮምፒውተር የሚያስረክብ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራዬን እበላለሁ። በኛ ሙያ አንድ የታወቀ ሕመም አለ። ተጠቃሚው የሠራንለትን ነገር አልጠቀምም ካለ፣ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «አልገባውም» የሚለው ነው። የተሳሳተ ችግር ፈትተን ይሆናል ብሎ ማሰብ ግን እንደ ኮሶ ይመርረናል። እኔም መረረኝና እህቴን እንደመጠየቅ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ። ለመሆኑ ለጠጣር ወለል የቱ ይሻላል? መጥረግ ወይስ በቫኪዩም መሳብ?

ቀላሉን ላስቀድም። የዳቦ ፍርፋሪ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከጫማ የረገፈ አሸዋ፣ ፀጉር፣ ይሄን ሁሉ መጥረጊያ አሳምሮ ይሰበስበዋል። ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ ከማሽን አያንስም፤ እንዲያውም ይቀድመዋል። ሶኬት መፈለግ የለ፣ ገመድ መጎተት የለ፣ መብራት መጠበቅ የለ። ጣጣው ያለው ዓይን የማያየው አቧራ ላይ ነው። መጥረጊያ በተወዛወዘ ቁጥር ደቃቁን ብናኝ ወደ አየር ያነሳዋል። ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው ብናኝ ከፀጉራችን ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ለረጅም ሰዓት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ስንተነፍሰው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ጠራጊው ሥራውን ጨርሶ ሲቀመጥ አቧራውም ቀስ እያለ ተመልሶ ይቀመጣል።

ቫኪዩም ሥራው ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ከፊት ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የቤቱ አየር ክፍተቱን ለመሙላት ሲሮጥ አቧራውን ይዞት ይገባል፤ ማጣሪያው አቧራውን አስቀርቶ አየሩን ይለቀዋል። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። ግን ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ደቃቁን ብናኝ በኋላ በኩል መልሶ ይተፋዋል። ለምንጣፍ ተብሎ የተሠራው የሚሽከረከር ብሩሽ ደግሞ ሴራሚክ ላይ አሸዋውን እንደ ወንጭፍ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ብሩሹን ማጥፋት ወይም የጠጣር ወለል አፍንጫ መግጠም ያስፈልጋል። የተጣበቀውን እድፍ ሁለቱም አይነኩትም። እሱ የሚለቀው በርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ነው። እንግዲህ ውጤቱ ይሄን ይመስላል፦ ለአሸዋና ለፍርፋሪ መጥረጊያ ይበቃል፤ ለደቃቁ አቧራ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ማሽን ወይም ርጥብ ወልወያ ይሻላል። የሚያስል ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ማሽኑ ያሸንፋል። ግን በነጥብ እንጂ በዝረራ አይደለም።

መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። እህቴ ግን አሁንም እያጎነበሰች ነው። ያኔ ነው ጥያቄዬ ራሱ ትክክል ነው ወይ ብዬ መጠርጠር የጀመርኩት።

እኔና እህቴ ያደግነው አጅባር ነው። የአማራ ሳይንት ወረዳ ከተማ ነች፤ ከመካነ ሰላም ሰዎች ጋር የቦረና ሳይንትን ፓርክ፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን እንጋራለን። ቤታችን ከከተማዋ ዳር ነው። ያኔ ወለሉ አፈር ነበር። በየጊዜው እናቴና እህቴ እበት በጥብጠው ይለቀልቁታል። ልቅለቃው ሲደርቅ ወለሉን ያጠነክረዋል፣ አቧራውን ይይዘዋል፣ ቁንጫውንም ያስታግሳል። በየቀኑ ግን መጠረጉ አይቀርም።

አያቴ ወለል በደረቁ ሲጠረግ ካየች ትቆጣ ነበር። «መጀመሪያ ርጪበት!» ትላለች። እህቴ በጣሳ ውሃ ይዛ በጣቶቿ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ታደርገዋለች። ጭቃ እስኪሆን አይደለም፤ አፈሩ እስኪረጋ ብቻ ነው። ትንሽ እርጥበት ብናኙን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው ከብዶ ከመሬት አይነሳም። እኔ ይሄን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ብናኝ ማንበብ ነበረብኝ። አያቴ ግን ከጣሳው ውስጥ ነው ያገኘችው። ያ ዘዴ ሴራሚክ ላይ አይሠራም፤ ውሃ የማይመጥ ወለል ላይ ቢረጩበት ጭቃ ብቻ ነው ትርፉ። እህቴ ከአጅባር ወደ ጀሞ ስትመጣ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች፣ ጣሳዋን ግን ወለሉ ነጠቃት። ሳሉም የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት።

የልጅነት ጠዋታችን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። እኔ የጠዋት ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ። እህቴ ከምድጃው አመዱን ታፍሳለች፣ ውሃ ትረጫለች፣ ከጓዳ ጀምራ በመደቡ ሥር አድርጋ ወደ በሩ እየጠረገች ትመጣለች። እኔ ጋ ስትደርስ «እግርህን አንሳ» ትላለች። አነሳለሁ። ጥራጊውን አፍሳ ትወጣለች። ከዚያ ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። እኔ ደውል ሳይደወል ትምህርት ቤት እደርሳለሁ፤ እሷ አርፍዳ ትገባለች። ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ አቆመች። አቁሚ ያላት ሰው የለም። ማንም አልወሰነም። በቃ ማርፈዱ ተጠራቅሞ መቅረት ሆነ።

በዚያ ቤት ጽዳት የኔ ድርሻ እግር ማንሳት ነበር። የምህንድስና ዲግሪዬ ላይ ይሄ አልተጻፈም እንጂ፣ የተገኘው በተነሳ እግር ነው።

አባቴ እጁ ወርቅ ነው። ከወይራ እንጨት የመጥረቢያ ዛቢያ ይጠርባል። ዶማው ዛቢያ አለው፣ አካፋው እጀታ አለው፣ ማጭዱ እጀታ አለው፣ ሞፈሩ እርፍ አለው። አንዱ ቢሰበር እዚያው ቀን ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ሌላ ይሠራለታል፤ ለወገቡ እንዲመቸው ቁመቱን እየለካ፣ ለእጁ እንዲመቸው እየላገ። በአማርኛ መጥረቢያና መጥረጊያ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። እኛ ቤት ግን ልዩነታቸው አንድ ክንድ ተኩል እንጨት ነበር። መጥረቢያው ዛቢያ አለው። መጥረጊያው የለውም። እናቴ ከሳርና ከቅጠል ጠፍራ የምታስረው አጭር እስር ነው፤ በሱ ለመጥረግ ወገብ መታጠፍ አለበት።

ለምን? እንጨት ጠፍቶ አይደለም። ዕውቀት ጠፍቶም አይደለም። አባቴ ክፉ ሰው ሆኖም አይደለም። ዛቢያ የሚጠርበው ሰው መጥረጊያ ይዞ አያውቅም፤ መጥረጊያ የሚይዙት ደግሞ ዛቢያ አይጠርቡም። ችግሩ ያለው አንድ ሰው ወገብ ላይ፣ መፍትሔው ሌላ ሰው እጅ ላይ። በሁለቱ መሐል አንድ ምድጃ ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ግን ማንም አልተሻገረውም።

እርግጥ ነው፣ አጭር መጥረጊያ የራሱ ጥቅም አለው። መደብ ሥር ይገባል፣ ጥግ ይደርሳል፣ ልስልስ ያለውን ወለል አይጭረውም። ይሄ ክርክር እውነት ስላለው አልንቀውም። ግን ተመሳሳይ ክርክር ሌላ አገር እንዴት እንዳለቀ ሳነብ ጥርጣሬ ገባኝ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰላጣና የሸንኮር ቀይሥር ማሳ ላይ የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች፣ ለብዙ ዓመታት አጭር እጀታ ባለው መኮትኮቻ ነበር የሚኮተኩቱት። ስሙን «ኤል ኮርቲቶ» ብለውታል፤ «አጭሩ» እንደማለት። ቀኑን ሙሉ ለሁለት ተጣጥፈው ይሠራሉ፤ የብዙዎቹ ጀርባ ተበላሽቶ ቀረ። ባለእርሻዎቹ ምን አሉ? አጭሩ ይበልጥ ትክክል ይኮተኩታል፣ ቡቃያውን አይጎዳም። ሌላም ያልተነገረ ጥቅም ነበረው፤ አለቃው ከሩቅ ሆኖ ማን ቀና ብሎ እንዳረፈ በአንድ እይታ ይለያል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975 እ.ኤ.አ. ታገደ። የተተካው በትራክተር ወይም በሮቦት አይደለም። በረጅም እጀታ ነው። የካሊፎርኒያ ሰላጣም ከዚያ በኋላ ከገበያ አልጠፋም።

ይሄን ሳነብ የገባኝ፣ መሣሪያ ዝም ብሎ ዕቃ እንዳልሆነ ነው። ማን ማጎንበስ እንዳለበት የተወሰነ ውሳኔ በውስጡ አለ። ውሳኔው ከቆየ ደግሞ ውሳኔ መሆኑ ይረሳና ተፈጥሮ ይመስላል። «መጥረጊያ እንዲህ ነው» ይባላል።

ገርሞኝ የቫኪዩምንም ታሪክ አነበብኩ። በ1901 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኢንጂነር ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሠራው የመጀመሪያው ማሽን በፈረስ ጋሪ የሚጎተት ነበር። ውጭ ይቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ይገባል። ሀብታም ቤት ነው የሚጠራው። እኛ የምናውቀውን፣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ የሚገፋውን ዓይነት የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጄምስ መሪ ስፓንግለር። ስፓንግለር በኦሃዮዋ ካንተን ከተማ የአንድ ትልቅ መደብር ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ በሚጠርግበት ጊዜ የሚነሳው አቧራ ያስለው ነበር። የማራገቢያ ሞተር፣ የትራስ ጨርቅና የመጥረጊያ እጀታ አገናኝቶ ማሽኑን ሠራ። በ1908 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ኋላም ሁቨር ለሚባል ነጋዴ ቤተሰብ ሸጠው። ማሽኑ የተወለደው ከሚያስል ጠራጊ እጅ ነው ማለት ነው። መጥረጊያውን የያዘውና መሣሪያውን የሚቀይረው ሰው አንድ ሲሆን ነገሩ በጥቂት ጊዜ ይቀየራል። እኛ ቤት ያልተገናኙት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ታዲያ እኔ ማሽኑን ስገዛ አላገናኘኋቸውም ወይ? እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ በመጨረሻ ጠየቅኳት። ልጠይቃት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

«እታለም፣ ማሽኑን ለምን ተውሽው? እውነቱን ንገሪኝ።»

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ነገረችኝ። ይጮኻል፤ በር ቢንኳኳ አይሰማም። ገመዱ ከሳሎን ጓዳ አይደርስም። ከረጢቱን ሲያራግፉ ያው አቧራው ፊት ላይ ነው። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ።

«ስትገዛልኝ ደስ ብሎኛል። ውሸት አይደለም። ግን በመጥረጊያ ስጠርግ 'ጸድቷል' የምትለውን ቤት፣ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ 'እዚህ ጋ ቀርቷል' ማለት ጀመርክ። ሶፋው ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ታሳየኛለህ። በፊት በቀን አንዴ ነበር፤ ማሽን አለሽ ተብዬ ሶፋ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ መጋረጃ። ሥራው መቼ ቀነሰ?»

ዝም አልኩ።

«ደግሞ ማጎንበስ ቀረልሽ አልከኝ። መጥረግ የኔ መሆኑን ግን አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ሩት ሽዋርዝ ካወን የተባለች አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያሳየችው ልክ ይሄንን ነው። ስሙ «ለእናት ተጨማሪ ሥራ» እንደማለት ነው። ድሮ ምንጣፍ ከባድ ስለነበር ወንዶችና ልጆች ተሸክመው ወደ ውጭ አውጥተው ይደበድቡት ነበር፤ ይሄም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። ቫኪዩም ሲመጣ ሥራው ቀለለ። ከመቅለሉ የተነሳ አንዲት ሴት ብቻዋን ትችለዋለች ተባለ። ወንዶቹና ልጆቹ ተገላገሉ። በዓመት ጥቂት ጊዜ የነበረው በየሳምንቱ ሆነ። ማሽኑ ድካም ቀንሷል፤ የቀነሰው ግን ከረዳቶቿ ትከሻ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ስለ አሜሪካ ነው፤ እኔ ግን ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በራሴ ጣት አረጋግጬዋለሁ።

ከዚያ ማታ በኋላ ስጦታዬን ደጋግሜ አሰብኩት። ስጦታ ነበር ወይስ ካሳ? ውስጤን ስመረምረው ካሳ ነው። ለእነዚያ ጠዋቶች ዕዳ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ዕዳውን ደግሞ በአንድ ደሞዝ፣ በአንድ ካርቶን ልዘጋው ፈለግኩ። የሞራል ጥያቄውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሰውን ሸክም ማቅለል መልካም ነው። ግን ሸክሙ የሱ መሆኑን ሳንጠይቅ ስናቀልለት፣ ማቅለላችን ራሱ «ያንተ ነው» ብሎ ማኅተም ይመታበታል። የምህረት መልክ ያለው ፍርድ ነው።

አሁን አንዳንዱ አንባቢ «ባህል ነው፣ ወንድ በኛ አገር አይጠርግም» ሊለኝ ይችላል። አይጠርግም እንዴ? የቤተ ክርስቲያንን መቅደስ ማን ይጠርገዋል? ሴት አትገባበትም፤ ምእመን ወንድ እንኳ አይገባበትም። የሚያጸዱት እነዚያው ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። ገዳም የገባ አዲስ ሰው ውሃ መቅዳትና መጥረግ ከሚጀምርባቸው አገልግሎቶች መሐል ናቸው። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው መስጊዱን የሚጠርጉ ወንዶችን ማየትም ብርቅ አይደለም። ወታደር ካምፑን ይጠርጋል። እኔ ራሴ ዶርም ጠርጌያለሁ። የወንድ እጅ መጥረጊያ ያውቃል። ቦታው የተከበረ ሲሆን መጥረግ አገልግሎት ይባላል፤ ቤት ሲሆን ስሙ ይወርዳል፣ እጁም ይቀየራል። ይሄን ባህል ብሎ ማለፍ ለባህሉም ስድብ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሶሻል ሚዲያ ላይ የሳር መጥረጊያን ፎቶ ለጥፈው «የእናቶቻችን ጥበብ፣ ማሽን የማይተካው» የሚሉ አሉ። ጥበቡ እውነት ነው፤ የጣሳውን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ግን እስቲ ፎቶውን የለጠፈው ሰው ዛሬ ጠዋት ቤቱን ማን እንደጠረገለት ይጠየቅ። መጥረጊያን ለማወደስ ቢያንስ አንድ ሳምንት መያዝ ያስፈልጋል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ዘርዓ ያዕቆብ፣ የመጽሐፉ ደራሲ ማንነት እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ በሐተታው ውስጥ ስለ ትዳሩ ይነግረናል። ሒሩት እንፍራዝ ውስጥ በሀብቱ ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። ጌታዋ አገልጋይህ ትሁን ሲለው፣ አይ፣ ሚስቴ ነው የምትሆነው፣ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው አለ። ይሄን ሳነብ ሁሌ ይገርመኛል፤ ለዘመኑ ትልቅ ቃል ነው። ግን ወዲያው አንድ ተራ ጥያቄ ይከተለኛል። በማግስቱ ጠዋት ወለሉን ማን ጠረገው? እኩልነት ከአፍ ወጥቶ ወለል ድረስ ለመውረድ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ጥያቄው የኔና የእህቴ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ቤቶች መጥረጊያ የተያዘው ከገጠር በመጡ ልጃገረዶች እጅ ነው፤ ከወሎም የመጡ ብዙ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ይተወዋል። አንድ ዓይነት ወለል፣ አንድ ዓይነት መጥረጊያ፤ ቢሮ ውስጥ ስትጠርጊው ሰዓት አለሽ፣ ሰው ቤት ስትጠርጊው የለሽም። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ቫኪዩም መግዛት ጥሩ ነው፤ ሳንባዋ ሳንባ ነው። ግን ከማሽኑ በፊት የእረፍት ቀን አላት ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የኛ ቤት ምን ሆነ? ታምር አልተፈጠረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት እኔ እጠርጋለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እሷ። ማሽኑ ከበር ኋላ ወጥቷል፤ ብሩሹን አጥፍቼ፣ ማጣሪያውን አጥቤ፣ ረጅም ማራዘሚያ ገዝቼ። በሳምንት ሁለቴ አቧራውን እስበታለሁ፣ ከዚያ በርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ሳሏ ቀንሷል። ለፍርፋሪው ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ አለን። መጀመሪያ ሰሞን እኔ የጠረግኩትን እሷ እንደገና ትጠርገው ነበር። ጥግ ጥጉን እንደማላይ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰባተኛ ክፍል ግን አልተመለሰላትም። በጥረጋዬ የሚመለስ መስሎኝ አያውቅም ብል እዋሻለሁ።

ባለፈው፣ መንገዱ ደህና ነው የሚል ወሬ ሳገኝ፣ ለፋሲካ አጅባር ወረድኩ። ቤቱ አሁን ግማሹ ሊሾ ሆኗል፤ ጓዳው ግን ያው አፈሩ ነው። እናቴ በጠዋት ያንኑ አጭር መጥረጊያ ይዛ ታጥፋለች። አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

«አባ፣ ለዚህ መጥረጊያ ዛቢያ አይሠራለትም?»

መጥረጊያውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ተነስቶ ከማገዶው መሐል ቀጥ ያለ እንጨት መረጠ፣ ላገው፣ በጠፍር አሰረው። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም። ለእናቴ ሰጣት። ቁመቱ ለሷ ልክ ነበር፤ ሳይለካ ያውቀዋል።

«ይሄን ያህል ዓመት ለምን አልሠራህላትም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ መች ጠየቅኳት» አለ።

እናቴ በአዲሱ ደጁንና ሊሾውን ትጠርግበታለች። ለመደቡ ሥር ግን አጭሩን አልተወችም፤ «ያኛው ጥግ አይገባም» ትላለች። ልክ ናት። ልዩነቱ አሁን መርጣ ማጎንበሷ ነው።

ጀሞ ስመለስ ማክሰኞ ነበር። ተራዬ ነው። እህቴ ሶፋው ላይ ቡናዋን ይዛ ተቀምጣለች። እየጠረግኩ እግሯ ሥር ደረስኩና «እግርሽን አንሺ» አልኳት።

አላነሳችም። ፉት አለችና «ዙረህ ጥረግ» አለችኝ።

ዞሬ ጠረግኩ።